ቀራጺውና ማቅለጫው፦ የነሐስ ሐውልት በኢትዮጵያ ከመቅደላ እስከ ኮምቦልቻ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደሴና በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚጓዝ ሰው በመጨረሻ መቅደላ አምባ ይደርሳል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. አምባውን ከያዘ በኋላ ዘውዱን፣ ጽላቱን፣ የብራና መጻሕፍቱንና የብር ዕቃዎቹን ጭኖ ሄዷል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እርሱም ሴባስቶፖል የተባለው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደሚሆን ይነገራል። ከቀለጠ የመዳብ ቅይጥ በአገር ውስጥ የፈሰሰ፣ በታሪካችን ከሚታወቁት ሁሉ ግዙፉ ሥራም ይኸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ መድፍ ሳይሆን ስለ ነሐስ ሐውልት ነው። ነገር ግን መነሻውን ከመቅደላ ማድረግ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ150 ዓመት በፊት ደብረ ታቦር አጠገብ ይህን ያህል ብረት አቅልጦ ማፍሰስ ከተቻለ፣ በ20ኛው ምእተ ዓመት በአደባባዮቻችን የቆሙት ታላላቅ የነሐስ ሐውልቶች ስለ ምን አብዛኞቹ የውጭ ቀራጮች ሥራ ሆኑ? የዛሬው ኢትዮጵያዊ ቀራጺስ በሸክላ ጭቃ ያበጀውን ምስል ወደ ነሐስ ለመለወጥ ምን ይጎድለዋል? የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፤ የነሐስ ሐውልት ሁለት ባለቤቶች አሉት። አንዱ ቀራጺው ነው፤ ሁለተኛው ማቅለጫው ነው። በአገራችን የጠፋው የመጀመሪያው ሳይሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ነው።

ነሐስ ምንድን ነው? ሐውልትስ እንዴት ይሆናል?

ነሐስና ናስ በዕለት ንግግር ይምታታሉ። በዚህ ጽሑፍ ነሐስ የሚባለው በዋናነት የመዳብና የቲን ቅይጥ ነው፤ ናስ የሚባለው ደግሞ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቲን ሲገባበት የመቅለጫው ሙቀት ይወርዳል፤ ቅይጡም ከመዳብ ይልቅ ይጠነክራል፣ ሲፈስም ወደ ጥቃቅን የቅርጹ ስንጥቆች በቀላሉ ይገባል። ቀራጮች ነሐስን የመረጡበት ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ በሰም ላይ የታተመ የጣት አሻራ ሳይቀር በነሐሱ ላይ ይታያል።

ዛሬ በብዙ የሥነ ጥበብ ማቅለጫዎች የቲኑን ቦታ ሲሊከን ተክቶታል። ይህ ዓይነቱ ቅይጥ 95 በመቶ ገደማ መዳብ፣ 4 በመቶ ገደማ ሲሊከን የያዘ ሲሆን፣ ለመበየድ የሚመች በመሆኑ በክፍል በክፍል የፈሰሰን ሐውልት ለመገጣጠም ያገለግላል።

ሥራው የሚከተለው ቅደም ተከተል አለው። ቀራጺው ምስሉን በሸክላ ጭቃ ያበጃል። በላዩ ላይ ከጎማና ከጄሶ ቅርጽ ማውጫ ይሠራል። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ የቀለጠ ሰም በስሱ ይቀባል፤ ስለዚህ የሚወጣው የሰም ምስል ውስጡ ባዶ ነው። በሰሙ ላይ ብረቱ የሚገባባቸውና አየር የሚወጣባቸው የሰም ዘንጎች ይተከላሉ። ከዚያም ሁሉም እሳት በሚችል ልባስ ይሸፈናል። ልባሱ ሲጋገር ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ ነሐሱ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ልባሱ ይሰበራል፣ ዘንጎቹ ይቆረጣሉ፣ ክፍሎቹ ይበየዳሉ፣ መገጣጠሚያው በመሮ ተስተካክሎ ይጠፋል። በመጨረሻም የነሐሱ ገጽ በሙቀትና በኬሚካል ቀለም ይይዛል። የብረት ናይትሬት ቀይ ቡናማ፣ የመዳብ ናይትሬት አረንጓዴ፣ የድኝ ውሕድ ጠቆር ያለ ቡናማ መልክ ይሰጣሉ።

ውስጡ ባዶ መሆኑ ለምን አስፈለገ? 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አካል 0.07 ሜትር ኩብ ያህል ይዘት አለው። ያን ያህል ይዘት ድፍን ነሐስ ቢሆን፣ የነሐስ እፍግታ በሜትር ኩብ 8700 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ልብስ የለበሰ የሰው ምስል የገጹ ስፋት 3 ሜትር ካሬ፣ የነሐሱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ነው ብንል ግን ክብደቱ 130 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። ቁጠባው የብረት ብቻ አይደለም። ወፍራምና ስስ ክፍል ያለው ድፍን ቁራጭ በእኩል ስለማይቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ይኮማተራል፤ 1.8 ሜትር የነበረ የሰም ምስል ሐውልት ሆኖ ሲወጣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ይህን ቀድሞ ማስላት የቀራጺውም የአፍሳሹም ኃላፊነት ነው። ስለዚህ በነሐስ የሚሠራ ቀራጺ ብቻውን ሊሆን አይችልም፤ ሐሳቡን ከመነሻው ከማቅለጫው ጋር ይነጋገርበታል።

ሰምና ወርቅ፦ የቆየው ዕውቀት

የዚህ ሥልት መሠረታዊ ሐሳብ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ትምህርት ላይ ላዩን ትርጉም ሰም፣ የተሰወረውን ትርጉም ወርቅ የምንለው ከአንጥረኛው ቤት በተወሰደ ምሳሌ ነው። አንጥረኛው በሰም ያበጀውን ጌጥ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ይወጣል፣ ወርቁ በስፍራው ይተካል። አንድን የቴክኖሎጂ ሥልት የሥነ ጽሑፍ መለኪያ አድርጎ የያዘ ኅብረተሰብ ሥልቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

ማስረጃው በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በ4ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ የነገሠው ኢዛና በቤጃ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በሚተርከው ጽሑፉ ለማኅረም አምላኩ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት የነሐስ ምስሎች ማቆሙን ይገልጻል። ምስሎቹ አልተገኙም። ነገር ግን በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድን፣ 92 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የእግር ማረፊያዎች የተፈለፈሉበት የሐውልት መሠረት መዝግቧል። የእግር ርዝመት ከቁመት 15 በመቶ ገደማ ነው ብለን ብናሰላ፣ በላዩ የቆመው ምስል ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በኋላ በዛጉዌ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በላስታና በአካባቢው የተሠሩት የመዳብ ቅይጥ መስቀሎች የማፍሰስ ጥበብ በአገሩ ሳይቋረጥ መኖሩን ያሳያሉ።

የአክሱም ምስሎች አለመገኘት ስለ ነሐስ አንድ ጠባይ ያስተምረናል። ነሐስ ዝናብና ፀሐይ አይበግሩትም፤ እሳት ግን ይመልሰዋል። ድንጋይ ቢሰበር ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ነሐስ ቢሰበር የሌላ ነገር ጥሬ ዕቃ ይሆናል። በዓለም ላይ ከጥንት የተረፉ የነሐስ ሐውልቶች ጥቂት የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕውቀቱ ቢኖርም ባለዕውቀቱ አልተከበረም። ቀጥቃጩና አንጥረኛው በብዙ አካባቢ ቡዳ እየተባለ ተገልሎ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የችግሩን ጥልቀት ያመለክታል። በዚህ መገለል የተነሣ የእጅ ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ በዝምታ የሚተላለፍ ሆኖ ቀረ፤ መጠኑም ከመስቀል፣ ከጌጣጌጥና ከደወል ብዙም አላለፈም።

ጋፋት፦ ብረቱ ቀረ፣ ባለሙያው ሄደ

ያን ወሰን በአንድ ጊዜ የጣሰው ጋፋት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚህች መንደር ለሃይማኖት ስብከት የመጡ አውሮፓውያን ባለ እጆችን አሰባስበው መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው። ከእነርሱ መካከል ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ካርል ዛልሙለርና ሞሪትስ ሆል ይገኙበታል። ብዙዎቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ተቋም የተላኩ ነበሩ፤ መድፍ የማፍሰስ ልምድ ይዘው የመጡ ግን አልነበሩም። የተማሩት በሥራው ላይ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አብረዋቸው ሠርተዋል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ሒሳቡን እንመልከት። 7 ቶን የመዳብ ቅይጥ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ምድጃ ማቅለጥ አዳጋች ነው፤ በተለያዩ ምድጃዎች ከቀለጠ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሰዓት ዝግጁ ሆኖ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። በመካከል ቢቋረጥ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ጋር አይዋሐድም። ከፍ ብለን ባሰላነው መሠረት ይኸው ብረት የሰው ቁመት ላላቸው ከ50 በላይ ሐውልቶች ይበቃ ነበር። ማለትም ለነሐስ ሐውልት የሚያስፈልገው የማቅለጥ አቅም ከ1860 ዓ.ም. በፊት በአገሩ ታይቷል።

መድፉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዘው በሰው ጉልበት ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ፣ የጅጣንና የበሸሎን ሸለቆዎች መንገድ እየቆፈረ የሚሄድ ሠራዊት ስቦ አደረሰው። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። አውሮፓውያኑ ባለ እጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ ዋልድማየር ቀሪ ዘመኑን በሊባኖስ አሳለፈ። የጋፋት ምድጃም ጠፋ። በአምባው ላይ የቀረው ብረቱ ነው፤ የፈሰሰበት ዕውቀት ግን ተተኪ ትምህርት ቤት አላገኘም። የዛሬው ችግራችን የመጀመሪያ መልክ እዚህ ላይ ይታያል።

የአደባባዩ ነሐስ

ከዚያ በኋላ ነሐስ ወደ አደባባይ የተመለሰው በዘውድ በዓል ነው። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን በአራዳ የዳግማዊ ምኒልክ የፈረሰኛ ሐውልት ተመረቀ፤ ቀራጺው ጀርመናዊ ነበር። በዚሁ ወቅት በለገሃር የቆመው በወርቅ የተለበጠ የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። ፋሺስቶች ከተማዋን ሲይዙ የምኒልክን ሐውልት ከመቆሚያው አወረዱት፤ አንበሳውን ወደ ሮማ ወሰዱት። ሁለቱም በኋላ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1955 በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት የዩጎዝላቪያ ሥጦታ ነው። የጭፍጨፋውን ታሪክ የሚያሳዩት የነሐስ ምስሎች የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራዎች ናቸው። አውጉስቲንቺች በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ የቆመውን የሰላም ፈረሰኛም ሠርቷል። በሐረር የነበረው የራስ መኮንን ፈረሰኛ ሐውልትም የእርሱ ነበር፤ እርሱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ከመቆሚያው ተጥሏል። በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ የተሠራ ነው።

በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሚነሣው ጥያቄ የጥራት አይደለም፤ ብዙዎቹ በሙያው ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ናቸው። ጥያቄው የማን ዓይን ነው የሚል ነው። ሰማዕታቱ የእኛ ናቸው፤ ሐዘኑ የእኛ ነው፤ የፊታቸውን ገጽታ፣ የነጠላቸውን አጣጣል፣ የወደቁበትን አኳኋን የወሰነው እጅ ግን ያላያቸው እጅ ነው። ማቅለጫ የሌለው ኅብረተሰብ የመታሰቢያውን መልክ የመምረጥ ዕድሉ ጠባብ ይሆናል።

ከዛግሬብና ከሶፊያ የምንማረው

አውጉስቲንቺች ብዙ ሐውልት ለመሥራት የበቃው በችሎታው ብቻ አይደለም። ያስተምርበት የነበረው የዛግሬብ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የራሱ የሥነ ጥበብ ማቅለጫ ያለው ተቋም ነው። ተማሪው ሸክላውን ካበጀበት ክፍል ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ሰሙ ሲወጣና ነሐሱ ሲፈስ ማየት ይችላል።

ቡልጋሪያም ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጠናለች። ጆርጂ ቻፕካኖቭ በ1896 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የሶፊያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተማረ ቀራጺ ነው። በከተማዋ መካከል የሌኒን ሐውልት ከተነሣ በኋላ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዚያው ስፍራ ከመዳብና ከነሐስ የተሠራው የሶፊያ ምስል ቆመ፤ የምስሉ ቁመት ብቻ 8 ሜትር ነው። አዲስ አበባም በግንቦት 1983 ዓ.ም. የራሷን ሌኒን አውርዳለች። ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ክፍተት ገጥሟቸው ነበር። ሶፊያ ክፍተቱን በገዛ አካዳሚዋ ባደገ ቀራጺ እጅ ሞላችው። ሥራውን መውደድ ወይም አለመውደድ የዜጎቿ ክርክር ነው፤ ክርክሩ ግን ከራሳቸው ሰው ጋር ነው።

በእኛም በኩል ጅምር አለ። የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የቅርጻ ቅርጽ መምህር በሆነው በበቀለ መኮንን የተሠራ ነው። የዘውዱ ዘመን ሐውልቶች በውጭ ቀራጮች ከቆሙ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አህጉራዊ ጠቀሜታ ላለው መታሰቢያ ኢትዮጵያዊ ቀራጺ መመረጡ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በየከተማው የሚሠሩ አብዛኞቹ ወጣት ቀራጮች ዛሬም ሐሳባቸውን የሚገልጹት በሲሚንቶ፣ በፋይበር ግላስና በተበየደ ላሜራ ነው። እነዚህ የተናቁ ጥሬ ዕቃዎች አይደሉም፤ ምርጫ ሲሆኑ መልካም ናቸው። ቀራጺው ሌላ አማራጭ ስላጣ ብቻ ሲይዛቸው ግን ሥራው ስንጥቅና መርገፍ ከጀመረ በኋላ የሚጠየቀው እርሱ ይሆናል።

ከኮምቦልቻ ምን ይጠበቃል?

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት፤ በአጠገቧ ደሴ አንጥረኞችና ብር ሠሪዎች ያሉባት የቆየች የንግድ ከተማ ናት። ሴባስቶፖል ደግሞ በዚሁ ዞን ውስጥ ነው። አንድን የሥነ ጥበብ ማቅለጫ በአነስተኛ መጠን ለመሞከር የሚያስፈልጉት ባለሙያዎች ተራርቀው የሚኖሩ አይደሉም፤ ተገናኝተው የማያውቁ ናቸው እንጂ። ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚመጥኑ ሦስት የጥናት አቅጣጫዎችን ማቅረብ ይቻላል።

የመጀመሪያው የቅይጥ ጥናት ነው። በገበያ የሚገኘው ውዳቂ መዳብና ናስ ምን ምን እንደያዘ መለየት ያስፈልጋል። የውኃ ቧንቧ መክፈቻ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የጥይት ቀለህ በአንድነት ቢቀልጡ የሚወጣው ቅይጥ አይታወቅም። የጥይት ቀለህ በተለምዶ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ዚንክ የሚፈላው በ907 ዲግሪ ስለሆነ መዳቡ በሚቀልጥበት ሙቀት ወደ ጭስነት ይለወጣል፤ ጭሱን የተነፈሰ ሠራተኛ ብርድ ብርድ በሚያሰኝ ትኩሳት ይታመማል፤ የቅይጡ ውሕደትም በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ጥናቱ የጥራት ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የልባስ ጥናት ነው። የአካባቢው ሸክላ፣ አሸዋና የጡብ ደቃቅ በምን መጠን ቢደባለቁ የቀለጠ ነሐስ ሲገባባቸው ሳይሰነጠቁ ይችላሉ? አንጥረኞች ለጭቃቸው የሚጨምሩት ጭድና ፋንድያ ሲቃጠል ቀዳዳ ትቶ ጋዝ እንደሚያስወጣ ይታመናል፤ ይህን በቤተ ሙከራ መለካት የቆየውን ዕውቀት ከአዲሱ ጋር ያገናኛል። ሰም ግን ችግር አይሆንም፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የንብ ሰም አምራቾች አንዷ ናት።

ሦስተኛው በሴባስቶፖል ላይ የሚደረግ ጥናት ነው። መድፉን ሳይጎዳ፣ በተንቀሳቃሽ የኤክስሬይ መመርመሪያ መሣሪያ የቅይጡን ውሕደት መለየት ይቻላል። በልዩ ልዩ ቦታ የሚወሰደው ልኬት ብረቱ በአንድ ጊዜ ስለ መፍሰሱ ወይም ስለ መቋረጡ፣ ጥሬ ዕቃውም ከምን እንደተሰበሰበ ፍንጭ ይሰጣል። ጋፋት የጻፈችልን የማፍሰስ መመሪያ ከሌለ፣ መመሪያው መድፉ ራሱ ነው።

ማጠቃለያ

ወሎ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሐዘን አይቷል። መታሰቢያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎችና ቦታዎች አሉ፤ እነዚያን መታሰቢያዎች ማን እንደሚቀርጻቸው፣ በምን እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚፈስሱ ከአሁኑ ማሰብ ይገባል። ቀራጮቻችን አሉ። መሐንዲሶቻችን አሉ። የሰሙን ምስጢር የሚያውቁ አንጥረኞች ገና አልጠፉም። በመቅደላ አምባ ላይ የቀረው 7 ቶን ብረት የሚመሰክረው፣ ማቅለጥ መቻል ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው፤ ዕውቀቱ በትምህርት ቤት ካልተተከለ ከባለሙያው ጋር አገር ለቆ ይሄዳል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍልና የምህንድስና ቤተ ሙከራ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ቢገናኙ፣ የሚፈስሰው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ክንድ የማይሞላ ትንሽ ምስል ሊሆን ይችላል። ጋፋት ያልተወችልንን ነገር፣ ማለትም ተተኪ ባለሙያ፣ ማፍራት የሚጀመረው ግን ከዚያ ነው።